ይቃጠሉ የተባሉት ደብዳቤዎች

የጦርነትን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፉት ስለ ጦር አለቆችና ስለ ውል ወረቀት ነው። ጦርነቱ በሚደረግበት ወራት በየቤቱ እህልና ጨው በስንት ይሸጥ እንደ ነበረ፥ ልጅ ሲታመም ማን ያስታምም እንደ ነበረ፥ ባልዋ የራቀባት ሴት እርሻውን በማን እጅ ታሳርስ እንደ ነበረ ለመጻፍ ቢወዱ እንኳ የሚመሰክርላቸው ጽሑፍ አያገኙም። ይህን ነገር ጠንቅቀው የሚያውቁት ሴቶች ነበሩ፤ የሴት ደብዳቤ ግን ከተነበበ በኋላ ወደ እሳት ይጣል ነበር እንጂ በሣጥን አይቀመጥም ነበር። በሰሜን አሜሪካ በእንግሊዝ ቅኝ አገር በማሳቹሴትስ ይኖር የነበረው የአዳምስ ቤተ ሰብ ከዚህ ልማድ ወጥቶ ስለ ተገኘ፥ የወረቀቱንና የመታሰቢያ ዕቃውን ታሪክ በአጭሩ ለአንባቢ ለማቅረብ ወደድን። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጆን አዳምስ በ1735 ዓ.ም. ብሬንትሪ በምትባል የገጠር ከተማ ተወለዱ፤ አባታቸው አራሽና ጫማ ሰፊ፥ በመንደሩም ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ነበሩ። ልጁ በሃርቫርድ ተምረው ነገረ ፈጅ ሆኑ፤ ኋላም ከ1797 እስከ 1801 ዓ.ም. የተባበሩት አሜሪካ ሁለተኛ ፕሬዚዳንት ለመሆን በቁ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አቢጌል በ1744 ዓ.ም. ዌይመዝ በምትባል በአቅራቢያው ባለች ከተማ ተወለዱ፤ አባታቸው የዚያች ከተማ ሰባኪ ነበሩ። (ስሙ በመጽሐፈ ሳሙኤል የምናገኘው የአቢግያ ስም ነው።) ወይዘሮ አቢጌል አንድ ቀን እንኳ ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ንባብና ጽሕፈት የተማሩት በአባታቸው ቤት በመጻሕፍት መካከል ነው፤ ስለዚህም እስከ ሽምግልናቸው ድረስ በፊደል አጣጣላቸው ያፍሩ ነበር። ይህን ኀፍረት አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ለነገራችን ያስፈልገናል።

ጆን አዳምስ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፉላቸው በ1762 ዓ.ም. በእጮኝነት ወራት ሲሆን በ1764 ዓ.ም. ተጋቡ። ከዚያ በኋላ ባልየው ስለ ፍርድ ቤት ሥራ ከከተማ ወደ ከተማ ይዞሩ ነበር፤ ከ1774 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የቅኝ አገሮቹ መልክተኞች በተሰበሰቡበት ጉባኤ ለመቀመጥ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ ፊላዴልፊያ ሄዱ። በጉባኤው ዘመንና ኋላም በፈረንሳይና በሆላንድ አገር በመልክተኛነት በቆዩበት ዘመን ባልና ሚስት አብረው የኖሩት ጥቂት ጊዜ ነው። የመለያየታቸው ፍሬ ዛሬ ከ1,100 የሚበልጥ ደብዳቤ ሆኖ ተገኝቷል። በነዚህ ደብዳቤዎች አንዱ ሌላውን ከሁሉ አብልጦ «ወዳጄ» እያለ ይጠራዋል።

ጆን አዳምስ ወረቀት የማስቀመጥ ፍቅር ያደረባቸው ገና ወጣት ሳሉ ነው። የዕለት ማስታወሻቸው የሚጀምረው በኅዳር ወር 1755 ዓ.ም. ያን አገር ካናወጠው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው፤ ያን ጊዜ የሃያ ዓመት ጐልማሳ ነበሩ። በ1774 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፥ ወደ ጉባኤው ከመሄዳቸው በፊት፥ ደብዳቤዎቻቸውን በደኅና ቦታ እንዲያኖሩላቸው ሚስታቸውን ለመኑ፤ ምክንያቱንም ሲናገሩ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው የዘመኑን ጠባይና አሳብ በነዚህ ወረቀቶች እንዲያዩ ነው አሉ። በ1776 ዓ.ም. ደግሞ የደብዳቤ ግልባጭ የሚጻፍበት ትልቅ ባዶ መዝገብ ገዙ፤ ለሚስታቸውም ያንኑ የመሰለ አንድ መዝገብ ላኩላቸው።

ወይዘሮ አቢጌል ግን ስለ ራሳቸው ደብዳቤ ያሰቡት ሌላ ነበር። በችኰላ የተጻፈ፥ ያልታረመና ለሰው ዓይን የማይገባ ነው እያሉ እንዲቃጠል ያዝዙ ነበር። በ1776 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ባልየው ለዚህ ትእዛዝ ሲመልሱ፥ ደብዳቤዎቹን ከማቃጠላቸው አስቀድሞ እሳቸውን መርሳት እንደሚኖርባቸው ጻፉላቸው። ትእዛዙ ሳይፈጸም ቀረ። እኛም ከዚህ ቀጥለን የምንነግረው ነገር ሁሉ ከዚህ አለመታዘዝ የተገኘ ነው።

ሆኖም በዚያ ዘመን ደብዳቤ መጻፍ ለጻፊው አደጋ የሚያመጣ ነገር ነበር። በሐምሌ ወር 1775 ዓ.ም. ጆን አዳምስ ሁለት ደብዳቤ፥ አንዱን ለሚስታቸው፥ ሁለተኛውን ለወዳጃቸው ለጄምስ ዋረን፥ በአንድ ወጣት እጅ ሰደዱ። ወጣቱ በመንገድ ባሕር ሲሻገር በእንግሊዞች መርከብ ተያዘ፤ ደብዳቤዎቹም ተከፍተው ቦስቶን በሚታተም ጋዜጣ ላይ ወጡ። ለዋረን በጻፉት ደብዳቤ ውስጥ ከጉባኤው አባሎች አንዱን ጆን ዲኪንሰንን ስም ሳይጠሩ አቃልለው ተናግረዋቸው ነበር፤ አገሩ ሁሉ ማን እንደ ሆኑ ዐወቀ። በመስከረም ወር በፊላዴልፊያ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ሲገናኙ ዲኪንሰን ሰላምታ ሳይሰጡ አለፉ። ይህንም የምናውቀው ጆን አዳምስ በዚያው ቀን በማስታወሻቸው ስለ ጻፉት ነው።

አሁን ወደ ቤቱ እንመለስ። በሰኔ ወር 1775 ዓ.ም. እንግሊዞች የቦስቶንን ከተማ ይዘው ሳሉ፥ ወይዘሮ አቢጌል ለባላቸው ሲጽፉ ከወሬው ሁሉ በኋላ አንድ ነገር ለመኑ፤ ይኸውም ከፊላዴልፊያ አንድ ጥቅል ስፒል ገዝተው በሣጥናቸው እንዲይዙላቸው ነው። ቅኝ አገሮቹ የእንግሊዝን ዕቃ አንገዛም ስላሉና ወደቡም ስለ ተዘጋ፥ ልብስ የሚያያዝበት ትንሽ ስፒል ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ነበር። በዚያው ወር፥ ሰኔ 17 ቀን፥ የቡንከር ሂል ውጊያ ተደረገ። ወይዘሮይቱ የሰባት ዓመት ልጃቸውን ጆን ክዊንሲን እጁን ይዘው ከቤታቸው አጠገብ ወዳለው ኮረብታ ወጡ፤ የመድፉን ድምፅ እየሰሙ የቻርልስታውንን ከተማ መቃጠል አዩ። በማግሥቱ እሑድ ለባላቸው ሲጽፉ መድፉ ገና አላቋረጠም ነበር። በውጊያው የቤተ ሰቡ ሐኪም የነበሩት ዶክተር ጆሴፍ ዋረን ሞቱ፤ እሳቸውም ቀደም ብሎ የዚያው ልጅ ጣት ተሰብሮ ሊቈረጥ ሲል ያዳኑለት ሰው ነበሩ። ልጁም ኋላ ስድስተኛው ፕሬዚዳንት ሆነው፥ በሰባ ስምንት ዓመታቸው ስለዚያ ቀን ሲጽፉ የእናታቸውን እንባ አልረሱም ነበር።

በዚያ ዓመት መከር ላይ በመንደሩ የተቅማጥ በሽታ ገባ። በበጋው የባልየው ወንድም በጦር ሰፈር ታመው ሞተው ነበር፤ ቀጥሎ በቤት ውስጥ ልጁም ገረዲቱም ራሳቸው ወይዘሮይቱም ታመሙ፤ ጥቅምት 1 ቀን እናታቸው ሞቱባቸው። ደብዳቤ ወደ ፊላዴልፊያ ለመድረስ ብዙ ቀን ስለሚፈጅ፥ ባልየው ሕመምተኛው ተሻለው ወይስ ሞተ ብለው ሲጨነቁ፥ በቤት ያለው ነገር ተፈጽሞ ያድር ነበር። ከዚህ ሁሉ መካከል ሰው ሁሉ የሚያውቀው በመጋቢት 1776 ዓ.ም. የጻፉት ደብዳቤ ነው፤ በዚያም አዲስ ሕግ በሚወጣበት ጊዜ ሴቶች እንዳይረሱ ለባላቸው አሳሰቡ፤ ባልየውም ነገሩን በሣቅ አሳለፉት። ስለዚህ ደብዳቤ ብዙ ስለ ተጻፈ እኛ አንጨምርበትም። የሚገርመን ግን ከሦስት ወር በኋላ ያደረጉት ነው፤ አራቱን ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ቦስቶን ገቡና በራሳቸውም በልጆቹም ገላ ላይ የፈንጣጣ በሽታ ምግል በፈቃዳቸው አስከተቡ። ይህ ጄነር የላሙን ክትባት ከማውጣቱ ሃያ ዓመት አስቀድሞ የነበረ አሠራር ስለ ሆነ፥ የሚከተበው ሰው እውነተኛውን ፈንጣጣ ይታመም ነበር፤ ሊሞትም ይችል ነበር። ባላቸው በፊላዴልፊያ ያጸደቁት የነጻነት አዋጅ ሐምሌ 18 ቀን ከመንግሥቱ ቤት ሰገነት ለሕዝብ ሲነበብ ከሕዝቡ ጋር ቆመው ሰሙ።

ከደብዳቤዎቹ ሁሉ የከበደው የሐምሌ 1777 ዓ.ም. ደብዳቤ ነው። ወይዘሮ አቢጌል ጊዜያቸው የደረሰ እርጉዝ ነበሩ፤ ጥቂት ቀን አስቀድሞ ሌሊት ላይ ክፉ መንቀጥቀጥ ይዞአቸው ስለ ነበረ፥ በማኅፀን ያለው ሕፃን ሞቷል ብለው ፈሩ፤ ፍርሃታቸውንም ለባላቸው ጻፉ። ሐምሌ 10 ቀን ሌሊት ተቀምጠው ሲጽፉ ምጥ መጣባቸው፤ በዚያው ወረቀት ላይ ብዕራቸውን ሊያኖሩ መሆኑን ጻፉ፤ ምጡም ባለፈ ጊዜ ብዕሩን እንደ ገና አንሥተው ከዚያው ቀጠሉ። በማግሥቱ ሴት ልጅ ተወለደች፤ ሕይወት ግን አልነበራትም። ኤልሳቤጥ ሊሏት አስበው ነበር። ባልየው በፊላዴልፊያ ሆነው ይህን ሳይሰሙ ደኅና ልጅ መጥታ ይሆናል እያሉ በተስፋ ይጽፉ ነበር፤ ይህም ደብዳቤ እናትየው ልጃቸውን ከቀበሩ በኋላ በመንገድ ላይ ነበረ። ብዙ የታሪክ መጻሕፍት በዚያ ወር በሰሜን በኩል የታይኮንደሮጋ ምሽግ መያዙን ይነግሩናል። አንዲት ሴት በምጥ መካከል የጻፈችው ወረቀት ግን በዓለም ላይ ስንት ይገኛል?

ወይዘሮ አቢጌል በኀዘን ብቻ የሚኖሩ ሰው አልነበሩም። በዚያው ወር መጨረሻ፥ ከወሊድ አልጋ ከተነሡ ገና ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፥ በቦስቶን የሆነውን ነገር በደስታ ጻፉ። ነጋዴዎች ስኳርና ቡና ሸሽገው ዋጋ ያስወድዱ ነበር፤ አንድ ባለጠጋና ንፉግ ነጋዴ፥ ሚስት ያላገባ፥ ቡናውን ከፓውንዱ ስድስት ሺሊንግ በታች አልሸጥም አለ። መቶ ወይም ከዚያ የሚበልጡ ሴቶች ጋሪ ይዘው ወደ መጋዘኑ ሄደው ቍልፉን ጠየቁት፤ እንቢ ባለ ጊዜ ከሴቶቹ አንዲቱ አንገቱን ይዛ ጋሪው ላይ ወረወረችው፤ ያን ጊዜ ቍልፉን ሰጠ። ሴቶቹም መጋዘኑን ከፍተው ቡናውን ራሳቸው አውጥተው ጭነው ሄዱ፤ ወንዶቹ ቆመው በመገረም ዝም ብለው ያዩ ነበር። ነጋዴው የባላቸው እናት ዘመድ መሆኑ ወይዘሮይቱን ከመጻፍ አላገዳቸውም። የቡና አገር ሰው የሆነ አንባቢ የሴቶቹን ቍጣ ሳይነገረው ያውቀዋል።

ስለ ደብዳቤ ይህን ካልን፥ ስለ መታሰቢያ ዕቃ ጥቂት እንናገር። በየካቲት ወር 1778 ዓ.ም. ጆን አዳምስ የአሥር ዓመቱን ጆን ክዊንሲን ይዘው በጦርነቱ መካከል ወደ ፈረንሳይ በመርከብ ተነሡ፤ እንደሚነገረው፥ በዚያ ጊዜ ለሚስታቸው የሰጡት የአንገት ጌጥ በላዩ የተሣለበት፥ አንዲት ሴት በባሕር ዳር ብቻዋን ቆማ የምትርቅ መርከብ ስታይ ነው። ሌላው ዕቃ ቀለበት ነው። የጄምስ ዋረን ባለቤት ሜርሲ ዋረን በ1805 ዓ.ም. ባሳተሙት የጦርነቱ ታሪክ ጆን አዳምስን ነቅፈዋቸው ስለ ነበረ፥ ሁለቱ ቤቶች ተጣልተው ለዓመታት ሳይጻጻፉ ቆዩ። በ1812 ዓ.ም. በታረቁ ጊዜ፥ ወይዘሮ አቢጌል የራሳቸውንና የባላቸውን ጠጕር በቀለበት አስቀርጸው ለሜርሲ ዋረን ላኩላቸው። ያ ሁሉ የክርክር ደብዳቤ ያላደረገውን ነገር ሁለት ዘለላ ሽበት አደረገው።

ነገር ግን በሣጥኑ ውስጥ ያለውን ብቻ እያመሰገንን በሣጥኑ ውስጥ የሌለውን ብናልፍ እውነት አይሆንም። የወይዘሮ አቢጌል አባት ሰባኪ ሲሆኑ ባሪያ ነበራቸው፤ ከነዚህ አንዲቱ ፊቢ ትባላለች። ወይዘሮይቱ በ1774 ዓ.ም. ለባላቸው በጻፉት ደብዳቤ፥ በአገሩ አንድ ባሪያ እንኳ ባይኖር እንደሚወዱ፥ ለራስ ነጻነት እየተዋጉ የሌላውን ሰው ነጻነት መቀማት ክፉ ሥራ መስሎ እንደሚታያቸው ገልጸዋል። ፊቢ ግን ነጻ የወጣችው ሰባኪው በ1783 ዓ.ም. ሲሞቱ በኑዛዜያቸው ነው። በማግሥቱ ዓመት ዊልያም አብዲ የሚባል ሰው አገባች፤ ወይዘሮ አቢጌል ባላቸውን ተከትለው ወደ አውሮፓ በሄዱ ጊዜ ቤቱን እነ ፊቢ እየጠበቁ እስከ 1788 ዓ.ም. ተቀመጡበት። እንግዲህ በዚያ ቤት የነበረውን ወረቀትና ዕቃ ከእርጥበትና ከሌባ ከጠበቁት እጆች መካከል የፊቢ እጅ አንዱ ነው። ስለ እሷ የምናውቀው ግን ሌሎች በጻፉት ደብዳቤ ውስጥ ስሟ ሲነሣ ብቻ ነው። ያ ሁሉ ሺህ ወረቀት ባለበት ቤት የእሷን አሳብ የሚጽፍ አልተገኘም።

ጆን ክዊንሲ አዳምስ በአባታቸው ምክር በ1779 ዓ.ም. በአሥራ ሁለት ዓመታቸው የዕለት ማስታወሻ ጀመሩ፤ በ1848 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስም ጻፉ፤ 51 ጥራዝ ነው። በኑዛዜያቸው ለመጻሕፍቱና ለወረቀቱ እሳት የማይበላው ቤት እንዲሠራ መክረው ነበር፤ ልጃቸው ቻርልስ ፍራንሲስም ይህን በ1870 ዓ.ም. ፈጸሙ፤ በቤታቸው አጠገብ የድንጋይ ቤተ መጻሕፍት ሠሩ። ምክሩ ከንቱ አልነበረም። የጆን አዳምስ የመጀመሪያ ልጅ፥ እንደ እናትዋ አቢጌል የተባለችው፥ ያቈየችው ማስታወሻና ደብዳቤ በልጅዋ ቤት በኒው ዮርክ ግዛት ተቀምጦ ሳለ በ1862 ዓ.ም. ከቤቱ ጋር ተቃጠለ፤ ልጅዋ አስቀድማ ያሳተመችው ክፍል ብቻ ተረፈ።

ይኸው ቻርልስ ፍራንሲስ በ1840 ዓ.ም. የአያታቸውን የወይዘሮ አቢጌልን ደብዳቤዎች ለመጀመሪያ ጊዜ አሳተሙ። ወይዘሮይቱ ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር? ከሞታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ፥ በ1818 ዓ.ም.፥ አንድ ወዳጅ ደብዳቤያቸው ይታተም ባለ ጊዜ እንደ ቀልድ ቈጥረው እንቢ ብለው ነበር። የልጅ ልጁ ግን አያታቸውን እያከበሩ አንድ ነገር አደረጉ፤ ፊደሉን አረሙ፤ ስለ ሕመምና ስለ ገላ ከተጻፈውም ለጨዋ ሰው ጆሮ አይገባም ያሉትን ብዙውን ዘለሉ። እኛ ይህን ሰው ለመውቀስ አንቸኵልም፤ ያለ እሳቸው ወረቀቱ ማን እጅ እንደሚወድቅ አይታወቅምና። ሆኖም በልጅ ልጃቸው እጅ የታተሙት ወይዘሮ ትምህርት ቤት የገቡ ይመስሉ ነበር።

የቤተ ሰቡ ወራሾች በ1905 ዓ.ም. ወረቀቱን ሁሉ በአንድ አደራ ሥር አድርገው እንዳይከፋፈል አደረጉ፤ ቤቱን በ1946 ዓ.ም. ለአገሪቱ መንግሥት ሰጡ፤ ወረቀቱን ደግሞ በ1956 ዓ.ም. ለማሳቹሴትስ የታሪክ ማኅበር በስጦታ አስረከቡ። ማኅበሩ ሁሉን በፎቶግራፍ አንሥቶ በ1959 ዓ.ም. በ608 ጥቅል ማይክሮፊልም ፈጸመ። በ1961 ዓ.ም. የጆን አዳምስ የዕለት ማስታወሻ ታተመ፤ በ1963 ዓ.ም. ደግሞ የቤተ ሰቡ ደብዳቤ የመጀመሪያ ጥራዞች ወጡ። በነዚህ ጥራዞች ውስጥ የስፒሉ ልመና፥ የፈንጣጣው ክትባትና የሐምሌው ምጥ ሳይቀነስ ይገኛል፤ የወይዘሮ አቢጌልም ፊደል እሳቸው እንደ ጣሉት፥ ከነስሕተቱ፥ ሳይታረም ታተመ።